ሦስት ራስ፣ አንድ መረብ፦ የልጄን የላክሮስ ዱላ ስወጥር የያዝኩት ማስታወሻ

የካቲት 7፣ ቅዳሜ

ዛሬ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ሦስት የላክሮስ ዱላ ራሶች ተደርድረዋል። አጠገባቸው ሁለት አዲስ መረብ፣ አንድ ጥቅል የናይለን ክር፣ መቀስ፣ ላይተር፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴና የኩሽና ሚዛን አለ። ባለቤቴ ለራት ጠረጴዛውን እንደምትፈልገው ከወዲሁ ነግራኛለች።

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ኳሷ የምትቀለበውም፣ የምትያዘውም፣ የምትወረወረውም ጫፉ ላይ መረብ ባለው ዱላ ነው። ኳሷ ድፍን ጎማ ናት፤ ክብደቷ ከ142 እስከ 149 ግራም። ትንሽ ትመስላለች እንጂ ስትመታ ታማለች። እዚህ ሜሪላንድ ልጆች ዱላውን የሚጨብጡት ገና በጨቅላነታቸው ነው። ግዛቷ በ2004 እ.ኤ.አ. ላክሮስን ይፋዊ የቡድን ስፖርቷ አድርጋዋለች። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ስገባ ስሙን እንኳ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ልጆች ዱላ ይዘው በሜዳው ሲሯሯጡ ሳይ ትዝ ያለኝ የገና ጨዋታ ነው፤ ሩሯን እየተሻማን አቧራ የምንቅምበት።

ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ሃይስኩል ገባ። ልምምድ የሚጀምሩት የካቲት 23፣ ሰኞ ነው። እስከዚያ በደንብ የተወጠረ አንድ ዱላና አንድ መጠባበቂያ ያስፈልገዋል። ከፍሎ ማስወጠር ይቻላል። እኔ ግን ራሴ ልማረው ብዬ ቆርጬ ተነሳሁ። አምና ጨዋታ መሀል የጎን ክሩ ተበጠሰበት። ዱላውን ይዞ ዳር ቆመ። ዘወር ብሎ እኔን አየኝ። እኔም ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ያቺ አስተያየቱ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋችም።

ልጄ የዱላውን ክፍሎች ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው የሚጠራቸው። እኔ ደግሞ በአማርኛ ካልጠራኋቸው እጄ አይታዘዘኝም። ስለዚህ ስም አወጣሁላቸው። ጫፉ ላይ ያለው ፕላስቲክ ‹ራስ› ነው። መሬት የሚነካው የፊቱ ጠርዝ ‹ከንፈር›። እጀታው የሚገባበት ጠባቡ ቦታ ‹ጉሮሮ›። ግራና ቀኙ ‹ጎን›። የመረቡ ቀዳዳዎች እንደ ወንፊት ‹ዓይን› ናቸው። ኳሷ የምትተኛበት ጎድጓዳ ቦታ ‹ኪስ› ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ ራሶች። የመጀመሪያው አሮጌው ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ከነእጀታውና ከነመረቡ የተገዛ የጀማሪ ዱላ ነበር። አፉ ሰፊ ስለሆነ ለመቅለብ አያስቸግርም። ፕላስቲኩ ግን ልፍስፍስ ነው፤ በሁለት እጄ ስጨምቀው ይለመጣል። መረቡ ስንት ዝናብ በልቶ እንደ አሮጌ ካልሲ ተንዘላዝሏል። መረቡን ቆርጬ አውጥቼ ራሱን ብቻውን ስመዝነው 162 ግራም ሆነ።

ሁለተኛው ያገለገለ ነው። ጎረቤቶቻችን ልጃቸው ኮሌጅ ሲገባ በ20 ዶላር ለቀቁልን። ጠበብ ያለና ደረቅ ነው፤ ብትጨምቀው ንቅንቅ አይልም። 148 ግራም። አንድ ችግር አለበት። ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው እግሩ እንደተበላ ወንበር ይወዛወዛል። ከንፈሩ ወደ ግራ ጠሟል። በጋውን ሙሉ መኪና ውስጥ ተረስቶ ነበር አሉን። ሙቀት ለዚህ ፕላስቲክ ጠላቱ ነው።

ሦስተኛው አዲሱ ነው። አጎቱ ለልደቱ የሰጠው። ባዶውን፣ ያለ መረብ ነው የመጣው። 128 ግራም ብቻ! ልጄ አሮጌውን በአንድ እጁ፣ አዲሱን በሌላው ይዞ ዓይኑን ጨፍኖ መዘናቸው። «አባዬ፣ ይሄ እኮ የለም ማለት ነው» አለ። በ34 ግራም ልዩነት ይህን ያህል መገረሙ መጀመሪያ አልገባኝም። በኋላ ግን አሰብኩት። ክብደቱ ያለው አንድ ሜትር በሚሆን ዘንግ ጫፍ ላይ ነው። አካፋ ጫፉን ይዞ ማንሳትና መሀሉን ይዞ ማንሳት አንድ አይደለም።

ሁሉም አንድ ዓይነት መረብ እንዲሆንላቸው ወሰንኩ፤ በወርዱ አሥር ዓይን ያለው፣ ሰም የተቀባ፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው። ሁለቱ አሉኝ፤ ሦስተኛውን እገዛለሁ። መረቡ አንድ ካልሆነ ልዩነቱ ከራሱ ይምጣ ከመረቡ ማወቅ አይቻልም።

የካቲት 8፣ እሑድ

ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል። ቤታችን ዶሮ ዶሮ ይሸታል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለአባቴ መልካም ጾም ለማለት ደብረ ማርቆስ ደወልኩ። በዚያው ሌላም ነገር ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር። ልጅ ሆኜ ጠፍር አልጋ ሲወጥሩ አይቻለሁ። የእንጨቱን ቋሚና አግዳሚ፣ በዙሪያው የተበሱትን ቀዳዳዎች፣ በየቀዳዳው የሚሹለከውን ጠፍር አስታውሳለሁ። ይህ የላክሮስ ራስ ለእኔ ዘንግ ላይ የተሰካ ትንሽ ጠፍር አልጋ ነው።

«አባባ፣ አልጋ ሲወጥሩ ከየት ነበር የሚጀምሩት?» አልኳቸው።

«ከራስጌው ነዋ! ራስጌው ካልጠና ግርጌው ምን ይይዘዋል?»

«ጠፍሩ እንዳይላላስ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ማታውን ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ጠዋት እርጥቡን ትወጥረዋለህ። ሲደርቅ ራሱ ይከራል። ደግሞ በአንድ ወገን ብቻ አትሳብ። ግራውን ስበህ ቀኙን ከተውክ አልጋው ጎባጣ ይሆናል፤ የተኛበት ሰው ሌሊቱን ሲንከባለል ያድራል።»

ይህንን በወረቀት ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። ከራስጌ ጀምር። ሁለቱን ጎን እኩል ሳብ።

ከሰዓት በኋላ በአዲሱ ራስ ጀመርኩ። የላይኛው ክር መረቡን ከከንፈሩ ጋር ያስራል። የመረቡ የመጀመሪያ ረድፍ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ያኔ ክሩ ድርብ ዓይን ይይዛል፤ ነጠላ ከሆነ ቶሎ ይበላል። ከታጠፈው በኋላ ከላይ ዘጠኝ ዓይን ቀረኝ። አምስተኛው መሀል ነው ማለት ነው። እሱን ከከንፈሩ መሀል አስተካክዬ ግራና ቀኝ አራት አራት አደረግኩ። ከዚያ ክሩን በፕላስቲኩ ቀዳዳ አሹልኬ፣ ዓይኑን ይዤ፣ በራሱ ስር አሳልፌ እስኪነክስ ሳብኩት። ከዚያ ቀጣዩ።

አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ጣቴ ላይ የክሩ ሰምበር ወጣ። ሲያልቅ ደስ አለኝና ኳስ ጣል አደረግኩበት። ኳሷ ወደ ከንፈሩ ስትንከባለል ቀጥ ብላ ቆመች። በመረቡና በፕላስቲኩ መካከል የጣት ያህል ክፍተት አለ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ቋጠሮዎች ስቋጥር እጄ ስለደከመ አልሳብኳቸውም ነበር። ፈታሁት። ነገ እንደገና።

የካቲት 11፣ ረቡዕ

የላይኛው ክር በሁለተኛው ሙከራ ተስተካከለ። ዘዴው ትንሽ ነው። እያንዳንዱን ቋጠሮ ከሳብኩ በኋላ በፒንሳ አንዴ ደግሜ እጎትተዋለሁ። ክሩ ‹ጭርር› ሲል ይበቃዋል። አሁን መረቡ ከንፈሩ ላይ ልጥፍ ብሏል።

ዛሬ የጎን ክር ነው። ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

መረቡ ሲገዛ ጠፍጣፋ ጨርቅ ነው። ኪስ የለውም። ኪሱን የሚያበጀው የጎኑ አስተሳሰር ነው። በአጭር የፕላስቲክ ርቀት ላይ ብዙ ዓይን ካጨቅክ፣ ትርፉ መረብ ወደ ታች ይዘረጠጣል፤ ኪስ ይሆናል። በረጅም ርቀት ላይ ጥቂት ዓይን ወጥረህ ካሰርክ ደግሞ መረቡ ይከራል፤ ኳሷ የምትወጣበት ዳገት ይሆናል። ልብስ ሰፊ ሲሸበሽብ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሽብሽቡ የት እንዲሆን ትፈልጋለህ? ጥያቄው ይኸው ነው። ኪሱ ወደ ከንፈሩ ከቀረበ ኳሷ ቶሎ ትወጣለች። ወደ ጉሮሮው ከቀረበ ስትሮጥ ይዘሃት ትሄዳለህ፤ ለመወርወር ግን ረጅም መንገድ አላት። ልጄ መሀል ሜዳ ነው የሚጫወተው። መሀል ላይ ይሁንልኝ አለ።

በጥሩ ሁኔታ የተወጠረውን የጓደኛውን ዱላ ፎቶ አንስቶ አምጥቶልኝ ነበር። ቋጠሮ በቋጠሮ እያየሁ ለመቅዳት ሞከርኩ። የመጀመሪያው ቀዳዳ፣ ዝለል፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው... መሀል ስደርስ ኪሱ ያለ ቦታው ሆነ። ሁለት ጊዜ ፈትቼ አሰርኩት። ያው ነው። በመጨረሻ ሦስቱንም ራሶች ጎን ለጎን አስቀምጬ ቀዳዳ ቆጠርኩ። አሮጌው በአንድ ጎኑ 7 ቀዳዳ አለው። ያገለገለው 9። አዲሱ 12! የጓደኛው ራስ አራተኛ ቀዳዳና የእኛ አራተኛ ቀዳዳ አንድ ቦታ አይደሉም። በቁጥር መቅዳት ዋጋ የለውም። መቅዳት ያለብህ ቦታውን ነው፤ ከከንፈሩ ስንት ጣት ይርቃል የሚለውን።

ራስ ከራስ ሲወዳደር ሰው ስለ ክብደትና ስለ ዋጋ ነው የሚያወራው። ለሚወጥረው ሰው ግን የጎን ቀዳዳ ብዛት ከሁለቱም ይበልጣል። 12 ቀዳዳ ካለ ኪሱን በግማሽ ጣት ከፍ ዝቅ ማድረግ ትችላለህ። 7 ከሆነ ፋብሪካው የወሰነልህን ተቀብለህ ነው የምትኖረው።

ማታ አራት ሰዓት ላይ ሁለቱም ጎን አለቀ። ዓይኖቹን ጮክ ብዬ ነው የቆጠርኩት። ታናሽ እህቱ አልጋዋ ላይ ሆና አብራኝ ትቆጥር ነበር። አሥራ አንድ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ

የታችኛውን ክር ጠዋት አሰርኩ። ይህ ቀላሉ ነው። ጉሮሮው ጋ ባሉት ቀዳዳዎች ሾልኮ የመረቡን ግርጌ ይሰበስባል። ሲጠብቅ ኪሱ ይነሳል፤ ሲላላ ይጠልቃል። ቋጠሮውን ሜዳ ላይ ልጁ ራሱ እንዲፈታው አድርጌ ነው ያሰርኩት።

ቀጥሎ በከንፈሩ በኩል በመረቡ ውስጥ የሚሸመነው ወፍራም ክር አለ። ‹ማስወንጨፊያ› ብዬዋለሁ፤ ሥራው እሱ ስለሆነ። ኳሷ ስትወጣ በመጨረሻ የምትረግጠው እሱን ነው። ልጅ ሆኖ በወንጭፍ ከማሽላ ላይ ወፍ ያባረረ ሰው ነገሩን ያውቃል። ጫፉን የምትለቅበት ቅጽበት ድንጋዩ የሚሄድበትን ይወስነዋል። እዚህም ማስወንጨፊያው ከከረረ ኳሷን አዘግይቶ ይለቃታል፤ ወደ መሬት ትደፋለች። ልጆቹ ይህንን ‹ዊፕ› ይሉታል። ትንሽ ዊፕ የሚወዱ አሉ፤ ኳሷ ዱላው ውስጥ እንዳለች ይሰማቸዋል። ሲበዛ ግን አጠገብህ ላለው ሰው ማቀበል ያቅትሃል።

ከሰዓት ልጄ ትምህርት ቤት ጓሮ ያለው ግድግዳ ጋ ሄድን። በጠመኔ ክንድ በክንድ የሚሆን አራት ማዕዘን ሳልኩ። ከአሥር እርምጃ ላይ 50 ጊዜ ይወረውራል፤ እኔ እቆጥራለሁ። ኳሷ አዲስ እንድትሆን ተጠንቅቄያለሁ። ያረጀች ኳስ እንደተወለወለ እብነ በረድ ትለሰልስና መረቡ አይዛትም፤ ያኔ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይለይም።

አዲሱ ራስ፣ በእኔ እጅ ተወጥሮ፦ ከ50 ውስጥ 21።

ልጄ ምንም አላለም። ኳሶቹ አብዛኞቹ ከማዕዘኑ በስተቀኝ ነው የወደቁት። እኔ ወረወርኩ፤ ቀኝ። እሱ ደገመ፤ ቀኝ። መኪና ውስጥ ገብተን መብራት አብርቼ መረቡን ከጀርባ አየሁት። የኪሱ መስመር ቀጥ ብሎ መውረድ ሲገባው ወደ አንድ ጎን ተንሻፏል። ቆጠርኩ። በግራ በኩል አንድ ዓይን ዘልያለሁ። አንዲት ዓይን! አባባ የነገሩኝ ጎባጣ አልጋ ይኸው ነው። ኳሷ የተኛችበት ቦታ ጎብጦ እየገፋ ያወጣታል።

የካቲት 15፣ እሑድ

የግራውን ጎን ከሰባተኛው ዓይን ጀምሮ ፈትቼ መለስኩት። በዚህ ጊዜ ሌላ መንገድ ተከተልኩ። አንዱን ጎን ጨርሼ ወደ ሌላው አልሄድኩም። አንድ ቋጠሮ በግራ፣ አንድ ቋጠሮ በቀኝ። ክሩን መሬት ላይ ሳትጎትት እንዲህ መሥራት ይከብዳል፤ ሁለት ክር ይጠላለፍብሃል። ግን እያንዳንዱን ቋጠሮ ከተቃራኒው ጋር ወዲያው ታስተያያለህ። ማስወንጨፊያውንም አንድ ደረጃ አላላሁት።

የክሮቹን ጫፍ በላይተር ሳቀልጥ አንድ ነገር ተማርኩ። እሳቱን ክሩ ላይ አታድርገው፤ አጠገቡ ብቻ። ናይለን ራሱ ይሰበሰብና ትንሽ ጠጠር ይሠራል። እሳቱ ከነካው ይጠቁራል፣ ይሰባበራል። የሚንጠለጠሉትን ትርፍ ጫፎችም ቆረጥኳቸው። ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ የተንጠለጠለ ክር በሕጉ ያስቀጣል።

የካቲት 16፣ ሰኞ

የጠመመውን ራስ የማቃናት ቀን። ትልቁን ድስት ውኃ ሞልቼ አፈላሁ። ራሱን ለሦስት ደቂቃ ያህል ነከርኩት። በጓንት ይዤ ሳወጣው እንደ ቆዳ ለስልሷል። ከንፈሩን ወደ ቀኝ፣ ከሚገባው ትንሽ አሳልፌ ገፋሁት፤ ትንሽ ተመላሽ እንደሚሆን ገምቼ። በጫማ ክር አስሬ በረዶ ውኃ ውስጥ ጨመርኩት። ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። አልተወዛወዘም።

እስኪደርቅ ስጠብቅ ስለ ጨዋታው አመጣጥ ሳነብ አመሸሁ። ጨዋታው የሆዴኖሾኒ ሕዝቦች ነው፤ ዛሬ ኒውዮርክ በሚባለው ግዛትና በካናዳ አዋሳኙ የኖሩ የስድስት ብሔሮች ኅብረት። ለእነሱ ስፖርት ብቻ አይደለም። የፈጣሪ ጨዋታ ይሉታል፤ ለታመመ ሰው ፈውስ ተብሎም ይጫወቱታል። ዱላቸው ሂከሪ ከሚባል ጠንካራ ዛፍ ይፈለጣል፣ በእንፋሎት ለስልሶ ይጎብጣል፣ ለወራት ይደርቃል። መረቡ ቆዳና ጅማት ነበር።

እዚህ ላይ ማንበቤን አቆምኩ። ኩሽናዬ ውስጥ ያደረግኩት እኮ እሱኑ ነው። አለስልሰህ፣ አጉብጠህ፣ አስረህ ታደርቃለህ። መረቡን ደግሞ አባባ ያውቁታል። ቆዳ ውኃ ሲነካው እንደሚላላ፣ ሲደርቅ እንደሚከር ለእሳቸው የሚነግራቸው የለም። ከስድስቱ ብሔሮች አንዱ በሆነው ኦኖንዳጋ ውስጥ አልፊ ዣክ የሚባሉ ታላቅ የዱላ ሠሪ ነበሩ፤ ሙያውን ከአባታቸው ጋር ሲሠሩ ተምረው ዕድሜያቸውን ሙሉ ዱላ ሠሩ። በ2023 እ.ኤ.አ. አርፈዋል። ፎቷቸውን አየሁት። እንጨቱን በጉልበታቸው መካከል ይዘው በመላጊያ ሲልጉ አጎነባበሳቸው የአባባን ይመስላል።

የዛሬው ፕላስቲክ ራስ የመጣው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚህ ከቤታችን አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ላይ፣ ባልቲሞር ውስጥ የተመሠረተው ኤስቲኤክስ የተባለ የላክሮስ ዕቃ ኩባንያ ነው ያወጣው። ከዚያ በኋላ ከአንድ ሞዴል የወጡ ራሶች አንድ መልክ ኖራቸው፤ ዱላዎቹም እኩል ሚዛን ያዙ። ጨዋታው በዚህ ምክንያት ለብዙ ልጅ ደረሰ፤ የእኔም ልጅ ከእነዚያ አንዱ ነው። ባለቤቶቹን ግን መርሳት አይገባም ብዬ አምናለሁ። በ2010 እ.ኤ.አ. የሆዴኖሾኒ ቡድን በራሱ ፓስፖርት ወደ እንግሊዝ መግባት ተከልክሎ ከዓለም ሻምፒዮናው ቀረ። ጨዋታውን ለዓለም የሰጠው ሕዝብ! ይህንን ለልጄ ነገርኩት። ጠዋት ቁርስ ላይ ራሱ አነሳው፤ «አባዬ፣ በ2028 ሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ላይ ላክሮስ አለ። እነሱስ ይገባሉ?» አለኝ።

የካቲት 18፣ ረቡዕ

ሌሊቱን ዘነበ። ልጄ አዲሱን ዱላ ሆን ብሎ በረንዳ ላይ አሳደረው፤ ዝናብ ምን እንደሚያደርገው ለማየት። ጠዋት ኪሱ የግማሽ ጣት ያህል ጠልቋል። ናይለን ውኃ ሲጠጣ ይረዝማል። በሰሙ ምክንያት ይህን ያህል መትረፉም ጥሩ ነው፤ አሮጌው መረብ በአንድ ዝናብ ጉልበት ድረስ ይወርድ ነበር። የታችኛውን ክር አጠበቅኩና ተስተካከለ። ሲደርቅ መልሼ አላላሁት። የዝናብ ቀን አንድ ጣት ማጥበቅ፣ የፀሐይ ቀን መመለስ። ይህንንም ፍሪጁ ላይ ጻፍኩ።

አሮጌውን ራስ ዛሬ ወጠርኩት፤ በ7 ቀዳዳው። ሁለት ሰዓት አልፈጀም። እጅ ይለምዳል። ያገለገለውን ነገ።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሦስቱንም ይዘን ግድግዳው ጋ ሄድን። ከመውጣታችን በፊት በየቀኑ ማታ ማታ ልጄ ኪሶቹን ኳስ እየጨመረ በቡጢና በዱላ ጀርባ ሲያለሳልሳቸው ሰንብቷል። አዲስ መረብ እንደ አዲስ ጫማ ነው፤ ካልተራመድክበት አይሰፋልህም።

ያው አራት ማዕዘን፣ ያው አሥር እርምጃ፣ ያችው ኳስ። አዲሱና ቀላሉ ራስ ከ50 ውስጥ 38 አስገባ። ያገለገለው 35። አሮጌው፣ ያ ለመጣል ያሰብነው የጀማሪ ራስ፣ 36።

ደግሜ ቆጠርኩት። 36 ነው። ባለፈው ሳምንት ከሁሉም ውዱ ራስ አንድ ዓይን ስለተዘለለ ብቻ 21 ነበር ያስገባው። ዛሬ ከሁሉም ርካሹ ራስ በትክክል ተወጥሮ ከእሱ ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆመ። ለወላጆች ይህንን ማለት እፈልጋለሁ። ሱቅ ገብታችሁ ውድ ራስ ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁን ፈትታችሁ አዲስ መረብ ግጠሙለት። 20 ዶላር አካባቢ ነው፤ የሚቀረው የእጅ ሥራ ነው።

ራሱ ልዩነት አያመጣም ማለቴ ግን አይደለም። ከመሬት ኳስ ማንሳት ሲጀምር ነገሩ ተቀየረ። አሮጌው መሬቱን ሲነካ ከንፈሩ ተለመጠ፤ ኳሷ ከስሩ ሾልካ አመለጠች። አሥር ጊዜ ሞክሮ አራት ነው ያነሳው። ያገለገለው ደረቁ ራስ አሥሩንም እንደ ማንኪያ አፈሳቸው። ሰው እየገፋህ ጎንበስ ብለህ ኳስ ስታነሳ ያ ድርቀት ዋጋ አለው። አዲሱ ስምንት አነሳ። ለዚህ ነው ተከላካዮች ክብደቱን ችለው ደረቁን የሚመርጡት።

ፍርዴ ይህ ነው፦ አዲሱ ለጨዋታ፣ ያገለገለው መጠባበቂያ፣ አሮጌው ለግድግዳ ልምምድና ለታናሽ እህቱ። ልጄም ተስማማ። እህቱ ከእኛ በፊት ወስናለች፤ አሮጌውን ይዛው ነው ያደረችው።

ማታ የሕጉን ልኬት ሠራን። ዱላውን በዓይን ትይዩ አግድም ይዘን ኳሷን ኪሱ ውስጥ አስቀመጥን። የኳሷ አናት ከጎኑ የታችኛው ጠርዝ በታች ከወረደ ኪሱ ጠልቋል፤ ዳኛው ይጥለዋል። የእኛ በጎን ሲታይ የኳሷ አናት የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ይታያል። ደህና ነው። ማስወንጨፊያዎቹ ከከንፈሩ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ መራቅ የለባቸውም። ያገለገለው ራስ ላይ ሁለተኛው ማስወንጨፊያ መሀሉ ላይ ወደ 11 ወርዷል። አንድ ረድፍ ወደ ላይ አነሳሁት። በመጨረሻ ዱላውን ወደ ፊት ዘንበል አደረግነው። ኳሷ ሳትንጠለጠል ወጣች፤ ጠረጴዛው ላይ ነጥራ ሽሮው አጠገብ ደረሰች።

የካቲት 23፣ ሰኞ

የዓድዋ ቀን። ጠዋት አባባ ጋ ደወልኩ፤ ከበስተጀርባ ፉከራ ይሰማል። የአልጋውን ነገር ጠየቁኝ። ልጁ በሥራዬ ልምምድ ሊወጣ ነው አልኳቸው። «ራስጌውን አጥብቀሃል?» አሉኝ። አጥብቄያለሁ አልኳቸው።

ከሰዓት ሜዳው ዳር ቆሜ አየሁት። ብርድ ነበር። ሦስተኛው ቅብብል ላይ አንድ ጠንካራ ኳስ መጣችበት። ቀለባት፤ መረቡ ‹ጥፍ› ብሎ ዋጣት። ዞሮ ለሜዳው ማዶ ወረወራት። ቀጥ ብላ ሄደች። ያኔ ዘወር ብሎ አየኝ። አምና ካየኝ ቦታ ነበር የቆምኩት።

ሲመለስ መኪና ውስጥ ዱላውን አገላብጬ አየሁት። የጎን ክሮቹ አልተነቃነቁም። የላይኛው ክር ሁለተኛ ቋጠሮ ትንሽ ላልቷል፤ ነገ በፒንሳ እደግመዋለሁ። ኪሱ ወደ ቀኝ አልሄደም። ልጄ ከኋላ ወንበር ሆኖ «አባዬ፣ በረኛችን ራሱን ማን እንደወጠረልኝ ጠየቀኝ» አለ። የበረኛ ራስ ሰፊ ነው፤ መረቡም በወርዱ 12 ዓይን አለው። እስካሁን አልሞከርኩትም። ሐሙስ ማታ ያምጣው አልኩት።